ሚሞሪ ውስጥ ያለው ጭራቅ

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ወንዝ አልወርድም ብዬ እናቴን አስቸግሬያለሁ። ውኃ መቅዳት የእኔና የእህቴ ሥራ ነበር፤ ወንዙም ከቤታችን አይርቅም። ከአንዲት ቅዳሜ በኋላ ግን ጀሪካኑን ሳነሳ ጉልበቴ ይከዳኝ ጀመር። እናቴ ስንፍና መሰላት። አባቴ ሰው ነክቶት ይሆናል አለ። አያቴ ደግሞ ደንግጦ ነው ብላ ጠበል አመጣችልኝ። ከሦስቱ ለእውነቱ የቀረበችው አያቴ ናት፤ ያስደነገጠኝን ግን እሷም አላወቀችም። በዚያች ቅዳሜ ከአጎቴ ልጅ ጋር ቪዲዮ ቤት ገብቼ "አናኮንዳ" የሚባለውን ፊልም አይቼ ነበር።

ባደግኩበት በጋይንት ደጋ ሰው የሚውጥ እባብ የለም። አዋቂ ይህን ስለሚያውቅ ስቆ ይወጣል። ልጅ ግን ፊልሙ የተሠራበትን አገርና የራሱን ወንዝ የሚለይበት መለኪያ የለውም፤ ውኃ ውኃ ነው፣ ጥልቀቱም ጨለማ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጅ እንዲጠነቀቅ የሚያሳስብ ምልክት ተለጥፎበት ነበር። እኛ ጋ የደረሰው ግን የቅጂ ቅጂ ሆኖ ነው። ምስሉ ደብዝዞ፣ ድምፁ ሻክሮ እባቡ ሲደርስ ማስጠንቀቂያው መንገድ ላይ ቀርቷል።

ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ የተማረ የእኔ ዘመን ሰው ቪዲዮ ቤትን ያውቀዋል። መስኮቱ በጥቁር ፕላስቲክ ወይም በብርድ ልብስ የተጋረደ ጭቃ ቤት፣ ከጣውላ የተመታ አግዳሚ፣ ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ ዴክ፣ መብራት ሲጠፋ ከጓሮ የሚጮህ ጀነሬተር። ቀን ቀን የቻይና ካራቴና የህንድ ፊልም፣ እሁድ የእንግሊዝ ኳስ፣ ሲመሽ ደግሞ ሌላ። በር ላይ የሚቆመው ልጅ ሳንቲም እንዳለህ ይጠይቅሃል እንጂ ዕድሜህን አይጠይቅም።

ከተመልካቾቹ ብዙዎቹ ከገጠር ቀበሌ መጥተው፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ስንቅ ከቤት እያመላለሱ፣ ክፍል ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ነበሩ። አሥራ አራትና አሥራ አምስት ዓመታቸው ነው። ማታ የት ነበርክ የሚላቸው የለም። አከራይዋ ብትጠይቅ እንኳ የሌላ ሰው ልጆች ናቸውና ደፍራ አትቆጣም። ይህን ሳስብ ዛሬም ልቤን ይከብደዋል፤ የአማራ ክልል ለገጠር ተማሪ በየቀበሌው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማዳረስ ያቃተው መሆኑ ልጁ ማታ ማታ በሚያየው ፊልም ሳይቀር ይገለጣል።

ቪዲዮ ቤቱን ልኮንነው ግን አልችልም። ባሕር ያየሁት እዚያ ነው። ባቡር ያየሁትም እዚያ ነው። ከጉና ተራራ ጀርባ ሰፊ ዓለም እንዳለ ከመምህሬ እኩል የነገረኝ ያ ጨለማ ክፍል ነበር። ችግሩ ባሕሩም፣ ባቡሩም፣ አንገት ቆራጩም፣ እርቃኑም በአንድ በር፣ በአንድ ዋጋ፣ ለሁሉም ዕድሜ መቅረቡ ነው።

ፊልም ሰውን ማስፈራቱ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ለመጀመሪያዋ ሲኒማ ቤት ያወጣችላት ስም "ሰይጣን ቤት" ነው። ጎልማሶች ግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ሰው አይተው በሰይጣን ካማካኙ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሌሊት ቢጮህ ምን ይገርማል? በሌላውም አገር ይኸው ነው። የእንግሊዙ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1992 "ጎስትዎች" የተባለ ድርሰት የቀጥታ ዘገባ አስመስሎ አሳየ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የአገሪቱ የሕክምና መጽሔት በዚያ ፕሮግራም ሳቢያ ብርቱ የድንጋጤ ሕመም የያዛቸውን ሁለት የ10 ዓመት ወንዶች ታሪክ አተመ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ጆአን ካንተር ከባልደረባዋ ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው ጥናት ደግሞ ከተጠየቁት 153 የኮሌጅ ተማሪዎች 90 በመቶዎቹ በልጅነታቸው ፊልም ወይም ቴሌቪዥን አስፈርቷቸው እንደነበር ተናግረዋል። ከአራቱ የአንዱ ያህል ስሜቱ አድገውም አልለቀቃቸውም።

ከካንተር ሥራ ለእኛ ቤት የሚሆነው ግን ከቁጥሩ ይልቅ ሌላው ግኝቷ ይመስለኛል። ትንንሽ ልጆች የሚፈሩት መልክን ነው፤ ጥርሱን፣ ዓይኑን፣ ድንገት የሚለወጠውን ፊት። "ውሸት እኮ ነው" ቢሏቸው አይረዳቸውም። የሚያረጋጋቸው እቅፍ፣ የሚበላ ነገር፣ የሚያውቁት ሰው አጠገባቸው መሆኑ ነው። ከፍ ያሉት ደግሞ ሊደርስ የሚችለውን ይፈራሉ፤ ሌባውን፣ ጦርነቱን፣ የወላጅ ሞትን። ለእነሱ ማስረዳት ይሠራል።

የጋይንት አያቶች ይህን ያለ ጥናት ያውቁት ነበር። ጭራቅና አያ ጅቦ ሕፃን በላተኞች ናቸው፤ ተረታችን ከማንም የሚያንስ አስፈሪ አይደለም። ነገር ግን ተረቱ የሚወራው እሳት ዳር፣ ጉልበት ላይ ተቀምጠን፣ የተጠበሰ በቆሎ በእጃችን ይዘን ነው። ጭራቁን እያንዳንዱ ልጅ በልቡ አቅም ይስለዋል፤ ከሚችለው በላይ አያገዝፈውም። አያት ዓይናችን ሲፈጥ ካየች ጅቡን ገደል ትከተዋለች። ፊልሙ የልጁን ፊት አያይም።

ዛሬ ቪዲዮ ቤቱ ብዙ ቦታ ተዘግቷል፣ ወይም ኳስ ብቻ ማሳያ ሆኗል። ፊልሙ ግን ወደ ኪስ ገብቷል። በገበያ ቀን ወደ ከተማ የሚወጣ ጎረምሳ ሁለት ነገር ሳያደርግ አይመለስም፤ ስልኩን ቻርጅ ያደርጋል፣ ሚሞሪውን ያስሞላል። ጠባብ ሱቅ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ከፊቱ ወረፋ። "አክሽን ጫንልኝ፣ ትርጉም ካለ ጨምርበት።" ትርጉም የሚሉት አንድ ተራኪ በአማርኛ የሚያወራበትን የውጭ ፊልም ነው። ድሮ ቋንቋው ራሱ ትንሽ አጥር ነበር፤ ያልገባን ነገር አልፎን ይሄድ ነበር። አሁን ስድቡም ዛቻውም በእናት ቋንቋ ይሰማል። ያ ሚሞሪ መብራት የሌለበት ቀበሌ ገብቶ፣ በሶላር በተሞላ ስልክ፣ ግጦሽ ላይ ለአምስትና ስድስት እረኞች ይከፈታል። ትንሹ ሰባት ዓመቱ ሊሆን ይችላል።

ሕግ የለም እንዳንል ሕግ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት በሚያረጋግጠው አንቀጽ 29 ውስጥ የወጣቶችን ደኅንነት ለመጠበቅ ገደብ ሊደረግ እንደሚችል ይናገራል። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ልጆችን ለሚያበላሽ ምስልና ጽሑፍ የሚያጋልጣቸውን ይቀጣል። የ1999ኙ የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 533 ለልጆች የማይሆን ፕሮግራም ልጆች በሚያዩበት ሰዓት እንዳይተላለፍ ከልክሎ፣ ልጆች አያዩም ተብሎ የሚገመተውን ጊዜ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት አድርጎ ነበር። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 የቱርክና የሌሎች አገር ድራማዎችን በአማርኛ ይዞ ሲመጣ አገሩ ሁሉ ስለ ልጆችና ስለ ባህል የተከራከረው በዚህ መንፈስ ነው። ክርክሩ ተገቢ ነበር። ሕጉም ሆነ ክርክሩ ግን አስተላላፊ ጣቢያ ያለውን ይጠብቃሉ። ሚሞሪ ጣቢያ የለውም፤ ሰዓትም የለውም።

የምጽፈውን ሁሉ የሚያከብደው ደግሞ ይህ ነው፦ የእኛ አገር ልጅ ፊልም ብቻ አይደለም ያየው። በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ገባ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2014 ባወጣው ዘገባ 16 የከተማዋ ሴቶች በትግራይ ተዋጊዎች መደፈራቸውን መስክረዋል። እነዚያ ሴቶች እናቶችና እህቶች ናቸው፤ ልጆች በቤት ነበሩ። በነሐሴ 2015 ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ፈነዳ፤ ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ክፍል ያጣ ልጅ እጅ ላይ የቀረው ስልክ ነው፤ ስልኩ የሚይዘውም ከሰው ሰው የተላለፈውን። ከዚያ ውስጥ ተዋናይ የሌለበት፣ እውነተኛ ሰው ሲገደል የተቀረጸ ምስል አለ። አክሽን ከሚለው ፎልደር አጠገብ ይቀመጣል። ትንሹ እረኛ የትኛው ድርሰት፣ የትኛው እውነት እንደሆነ በምን ይለያል? እኔ ቢያንስ አንድ ቀን አድጌ እባቡ እንደሌለ ማወቅ እችል ነበር።

ሌሊት የሚቃዥ፣ አልጋ ላይ የሚሸና፣ ብቻውን ደጅ አልወጣም የሚል ልጅ ወደ ጠበል ይወሰዳል። ይወሰድ፤ የእናት እጅና የቄስ ጸሎት ልጅን ያረጋጋል፤ እኔንም አረጋግቶኛል። ከዚያ ጋር አንድ ጥያቄ ቢጨመር ግን እመኛለሁ፦ "ምን አይተህ ነው?" ሳይቆጡ፣ ስልኩን ሳይነጥቁ። ልጅ የሚደብቀው ዱላ ስለሚፈራ ነው። እኔ ዝም ያልኩት ቪዲዮ ቤት መግባቴ ከታወቀ እገረፋለሁ ብዬ ነበር፤ ስለዚህ እባቡን ለብቻዬ ተሸክሜው ከረምኩ።

ባለፈው አገሬ ስሄድ አንድ ፊልም ጫኝ ሱቅ ገብቼ ቆምኩ። ባለ ኮምፒውተሩ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ስክሪኑ ላይ ፎልደሮቹ ተደርድረዋል፦ አክሽን፣ ሆረር፣ ህንድ፣ ትርጉም፣ መዝሙር፣ ዘፈን። የልጆች የሚል አለ ወይ አልኩት። "ቶምና ጄሪ ነበረኝ ጋሼ፤ የሚጠይቅ ጠፍቶ ቦታ ያዘብኝና አጠፋሁት" አለኝ። ፍላሽ አውጥቼ ከከተማ ይዤው የመጣሁትን የልጆች ተረትና ካርቱን በነጻ ሰጠሁት። ተቀበለኝ፤ ፎልደር ከፈተና ስም ሊጽፍለት ሲል ቀና ብሎ ጠየቀኝ፤ "ከስንት ዓመት እስከ ስንት ልበለው?"