በዋልካ ምድር ላይ አውሮፕላን ማሳረፍ

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በአይከል በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ፣ ነጋዴ ባሕርንና ገንዳ ውኃን ካለፈ በኋላ መተማ ዮሐንስ ይደርሳል። ይህችን ከተማ ከሱዳኗ ከገላባት የሚለያት አንድ ትንሽ ወንዝ ብቻ ነው። ከወንዙ ማዶ ገዳሪፍን አልፎ እስከ ከሰላ የሚዘረጋው አገር አብዛኛው ዓይን እስኪታክት ድረስ ሜዳ ነው። ይህን ሜዳ ከከፍታ ላይ ሆኖ የሚመለከት ሰው፣ «እዚህስ አውሮፕላን የትም ቦታ ሊያርፍ ይችላል» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ነገሩ እንደሚታየው ቀላል አይደለም። ምክንያቱን ለመረዳት ከሰማዩ ይልቅ አፈሩን መመርመር ያስፈልጋል።

የገዳሪፍ፣ የመተማና የሁመራ ቆላ አብዛኛው መሬቱ ጥቁር የሸክላ አፈር ነው። በጎንደርና በጎጃም ዋልካ፣ በሸዋ ደግሞ መረሬ ይባላል። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ተኰማትሮ ይሰነጠቃል። እርጥበትን ለረጅም ጊዜ አምቆ ስለሚይዝ ለሰሊጥና ለማሽላ እጅግ የተመቸ ነው። ገዳሪፍ የታወቀች የሰሊጥና የማሽላ ገበያ ለመሆን የበቃችው፣ ሁመራና መተማም በሰሊጣቸው ስማቸው የተጠራው በዚሁ አፈር ምክንያት ነው። በገዳሪፍ አካባቢ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይጥላል፤ ይህም ከሞላ ጎደል የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። በእነዚህ ወራት ከዋናው አውራ ጎዳና የወጣ የጭነት መኪና ጎማው ይሰጥምና ባለበት ይቆማል። በበጋ በሁለት ሰዓት የሚደረስበት የእርሻ ሰፈር በክረምት ደሴት ይሆናል።

በዚህ ምድር ላይ መንገድ መቆረጡ የንግድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ካላዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትጠለለው በዚሁ አፈር ስንጥቆችና በግራር ዛፎች አካባቢ ነው። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች በሽታውን ከዚህ በፊት ስለማያውቁት በቀላሉ ይጠቃሉ። ትኩሳቱ ለሳምንታት አይለቅም፤ ጣፊያ ያብጣል፤ ሰውነት ይመነምናል፤ ካልታከመም በአብዛኛው ይገድላል። በተለመደው ሕክምና በሽተኛው ለ17 ቀናት በየዕለቱ መርፌ መወጋት አለበት። ስለዚህ መድኃኒቱ ወዳለበት ሐኪም ቤት በጊዜ መድረስና አለመድረስ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

በዚህ ጠረፍ የአውሮፕላን ማረፊያ አዲስ ነገር አይደለም። በ1933 ዓ.ም. እንግሊዞች ከኢጣልያ ጦር ጋር በገላባትና በመተማ ሲዋጉ አውሮፕላኖቻቸውን በገዳሪፍ አካባቢ ሜዳዎች ያሳርፉ ነበር። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሻለቃ ዊንጌት ከካርቱም በርሮ በጎጃም በሰከላ፣ ለጊዜው በተጠረገ ሜዳ ላይ አርፏል። ወሩን ልብ ማለት ይገባል፤ ኅዳር ዝናቡ አባርቶ መሬቱ የሚጠነክርበት ጊዜ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ጉልህ የሆነው ታሪክ የተፈጸመው ግን በ1977 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ከጎንደር ክፍለ ሀገር ልዩ ልዩ ወረዳዎች የተነሡ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን በእግራቸው ተጉዘው ሱዳን ገብተው ነበር። በገዳሪፍ አካባቢ በኡም ራኩባና በሌሎች መጠለያዎች ሲጠባበቁ ረኀብና በሽታ ብዙዎችን ፈጀ፤ በመንገድና በመጠለያ የሞቱት 4,000 ያህል እንደሆኑ ይነገራል። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. ድረስ ከ6,000 የሚበልጡት ከገዳሪፍ እስከ ካርቱም በሌሊት በአውቶቡስ እየተጓዙ፣ ከካርቱም ደግሞ በአውሮፕላን በብራስልስ በኩል ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ምሥጢሩ በጋዜጣ ሲወጣ ጉዞው ቆመ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችም በመጠለያው ቀሩ።

ለእነዚህ ሰዎች የካርቱም መንገድ ተዘግቶ ስለ ነበር አውሮፕላኑ ራሱ ወደ ገዳሪፍ እንዲመጣ ተደረገ። መጋቢት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የአሜሪካ አየር ኃይል ሄርኩለስ አውሮፕላኖች ከገዳሪፍ አቅራቢያ በሚገኘው በአዛዛ ሜዳ ላይ ተራ በተራ አርፈው 500 ያህል ሰዎችን ጭነው ተነሡ። ሄርኩለስ ለጦር ሜዳ የተሠራ፣ አስፋልት ባልለበሰ መሬት ላይ ለማረፍ የሚችል አውሮፕላን ነው። ሆኖም ማንኛውም አውሮፕላን ቢሆን ለማረፍ ጠንካራ መሬት ይፈልጋል፤ መጋቢት ደግሞ ዋልካው ደርቆ እንደ ጡብ የሚጠነክርበት ወር ነው። ያው ጥያቄ በሐምሌ ቢነሣ ኖሮ መልሱ ምን ይሆን ነበር? ክረምቱ እስኪያልፍ ይጠበቅ እንዳይባል፣ ጉዞውን የፈቀዱት ፕሬዚዳንት ኒሜሪ ከ15 ቀናት በኋላ ከሥልጣን ወርደዋል።

አንድ ማረፊያ ይስፋፋ ሲባል ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ማኮብኮቢያው ርዝመት ነው። ርዝመቱን ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኞቹ የቦታው ከፍታና ሙቀት ናቸው። ከፍ ባለና በሞቀ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ክንፉ በቂ ድጋፍ የሚያገኘው አውሮፕላኑ አብዝቶ ሲፈጥን ነው፤ ለመፍጠንም ረጅም ሜዳ ያስፈልገዋል። መሐንዲሶች ለመነሻ ያህል የሚጠቀሙበት ስሌት አለ። በባሕር ወለል ላይ፣ በ15 ዲግሪ ሙቀት የሚበቃው ርዝመት ለየ300 ሜትር ከፍታ 7 በመቶ ይጨመርበታል። ከዚያም ሙቀቱ ለዚያ ከፍታ ከተመደበው ልክ በላይ በጨመረ ቁጥር ለየዲግሪው 1 በመቶ ይታከላል።

ለምሳሌ ያህል በባሕር ወለል ላይ 1,000 ሜትር የሚበቃውን አውሮፕላን እንውሰድ። ገዳሪፍ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ርዝመቱ 1,140 ሜትር ይሆናል። ለዚህ ከፍታ የተመደበው ሙቀት 11 ዲግሪ ሲሆን፣ በሚያዝያ 40 ዲግሪ ቢደርስ 29 በመቶ ይታከላል፤ ድምሩ ወደ 1,470 ሜትር ይጠጋል። አሁን ደግሞ 2,000 ሜትር ከፍታ ያለውን የአዘዞን ማረፊያ በከፍታው ብቻ ብናሰላ የምናገኘው ያንኑ 1,470 ሜትር ነው። እንግዲህ የገዳሪፍ ሐሩር ቆላውን ሜዳ ደጋ ላይ የወጣ ያህል ያደርገዋል ማለት ነው። የአዘዞው ሙቀት ሲታከልበት ቁጥሩ ገና እንደሚጨምር ተማሪው ራሱ አስልቶ ሊደርስበት ይችላል።

ይሁንና ርዝመት በገንዘብ የሚገኝ ነገር ነው። አስቸጋሪው ከሥር ያለው አፈር ነው። ዋልካ ላይ በቀጥታ የተነጠፈ አስፋልት አፈሩ ባበጠና በተኰማተረ ቁጥር ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃልም። ስለዚህ ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ ይወጣና በምትኩ ጠጠርና የተመረጠ አፈር ይሞላል፤ አንዳንድ ጊዜም ከኖራ ጋር ይደባለቃል። ጠጠር በሸክላ ሜዳ ላይ በቅርብ አይገኝም። ደግነቱ ከገዳሪፍ ወደ ገላባት በሚዘልቀው ከፍታ ላይ ጥቁር ድንጋይ አለ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲመሠረት የነበሩት አውሮፕላኖች ከጦርነት የተረፉ ዲሲ-3ዎች ነበሩ። መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን ጉዞ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረጉት እነዚህ አውሮፕላኖች፣ በአገር ውስጥ በሣርና በጠጠር ሜዳ ላይ እያረፉ ሰውንም ቆዳንም ቡናንም ያጓጉዙ ነበር። በኋላ ቱዊን ኦተር፣ ኤቲአርና ፎከር-50 መጡ፤ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከ70 በላይ መንገደኞች የሚይዘው ኪው-400 ተተካ። አውሮፕላኖቹ እያደጉ ሲሄዱ አስፋልት የለበሱት ማረፊያዎች አብረው አደጉ፤ ብዙዎቹ የሣር ሜዳዎች ግን ለከብት ግጦሽ ተመለሱ። ማስፋፋት አንዱን ከተማ ሲያቀርብ ሌላውን ሊያርቅ መቻሉ እምብዛም አይወራም።

የበረራ መስመር አወጣጥም የራሱ ችግር አለው። ገዳሪፍና ጎንደር በቀጥታ መስመር የሚራራቁት 280 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን በሁለቱም አገሮች የአየር መስመሮች በልማድ የሚሰበሰቡት ወደ ዋና ከተማ ነው። ከገዳሪፍ ጎንደር በአየር ልሂድ የሚል ሰው በካርቱምና በአዲስ አበባ ዞሮ ቢመጣ 1,770 ኪሎ ሜትር ያህል ሊበርር ነው። በአንድ ማዕከል ላይ መመካት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የታየው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያ ዕለት በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ የካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ የውጊያ ሜዳ ሆነ። አገሪቱ በአየር ከውጭው ዓለም የምትገናኘው በዋነኛነት በፖርት ሱዳን በኩል ሆነ፤ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብም በገላባት በኩል በየብስ ወደ መተማ ፈለሰ።

ለዚህ ጠረፍ የአየር አገልግሎት የሚያቅድ ባለሙያ ስንት ሰው ቲኬት እንደሚገዛ ብቻ ቢቆጥር የሚያገኘው ቁጥር አነስተኛ ነው። ሰሊጡ ከባድ ስለሆነ በአውሮፕላን አይጫንም፤ በጭነት መኪና ወደ ወደብ ይሄዳል። የቀን ሠራተኛውም በአውቶቡስ ይመጣል። የሚበርሩት ነጋዴ፣ ሐኪም፣ የመንግሥት ሠራተኛና በሽተኛ ናቸው። በሌላ በኩል ከ2013 ዓ.ም. ኅዳር ጀምሮ ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ከ50,000 በላይ ሰዎች በሐምዳይትና በሌሎች መሻገሪያዎች ገብተው ኡም ራኩባ ዳግመኛ በተከፈተ ጊዜ፣ ከሩቅ አገር በትላልቅ አውሮፕላኖች የመጣው ርዳታ ያረፈው ካርቱም ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የጭነት መኪና ድርሻ ነበር። እንዲህ ያለው ቀን በቲኬት ቁጥር ውስጥ አይገባም፤ በእኔ አስተያየት ግን ዕቅዱ መነሣት ያለበት ከእርሱና ከክረምቱ ወራት ነው።

ስለዚህም ሥራው ሲጀመር ከመንገደኛ ማስተናገጃው ሕንፃ በፊት፣ ከማኮብኮቢያውም በፊት የሚቆፈረው የውኃ መውረጃ ቦይ መሆን አለበት። ቦዩ ከሜዳው በሁለቱም ጎን ዝቅ ብሎ ይሠራል፤ የዝናቡ ውኃ ከአስፋልቱ ሥር ሳይሰርግ በፍጥነት ወደ ወንዝ እንዲወርድ በቂ ተዳፋት ይሰጠዋል። ዋልካ ግን ራሱ እየተናደ ቦዩን ስለሚደፍነው፣ በየዓመቱ ግንቦት ሳያልቅ በአካፋ ይጠረጋል።