ናይሮቢ ፍላይን አትጨፍልቋት!

ዝናብ ሲጥል፣ ማታ መብራት ተከትላ የምትመጣዋን ትንሽ ቀይና ጥቁር ተባይ ሁላችንም እናውቃታለን። ስሟ "ፍላይ" ይሁን እንጂ ዝንብ አይደለችም፤ ጢንዚዛ ናት። ቆዳችን ሲቆስል "ነክሳኝ ነው" እንላለን። እሷ ግን አትናከስም፣ አትናደፍምም። የሚያቃጥለን ቆዳችን ላይ ስንጨፈልቃት ከሰውነቷ የሚወጣው ፔደሪን የተባለ መርዝ ነው። ቁስሉ የሚወጣው ከአንድ ቀን ገደማ በኋላ ስለሆነ ብዙ ጊዜ መነሻውን አናውቀውም።

የሚገርመው፣ መርዙን የምትሠራው እሷ አይደለችም። በ2002 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ተመራማሪ ዮርን ፒል ፔደሪንን የሚሠሩት ጂኖች በውስጧ የሚኖር ባክቴሪያ ጂኖች መሆናቸውን አሳየ። ባክቴሪያው እሷ ውስጥ መኖሪያ ያገኛል። እሷ ደግሞ መርዙን ለእንቁላሎቿ ታወርሳለች፤ ስለዚህ የሚፈለፈሉትን ልጆቿን ሸረሪት ይሸሻቸዋል። እንዲህ ተደጋግፎ መኖርን ሳይንስ ሲምባዮሲስ ይለዋል።

እኛስ ምን እናድርግ? ካረፈችብን እፍ እንበላት ወይም በወረቀት እናንሳት። ከተጨፈለቀች ቦታውን ቶሎ በሳሙናና በውሃ እንታጠብ፤ ባልታጠበ እጅ ዓይናችንን አንንካ። ዓይን ከነካ ግን ሳንዘገይ ወደ ክሊኒክ እንሂድ። መምህራን፣ ዝናቡ ሳይገባ ይህን ለተማሪዎቻችሁ ንገሩልን።