የዶርዜ ሸማኔ ሙያ በምስክር ወረቀት ይረጋገጥ

እንደሚታወቀው ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚያወጣው መንገድ ላይ የምትገኘው ዶርዜ በእንሰቷ፣ ከቀርከሃ በሚሠሩት ረጃጅም ቤቶቿና በሽመናዋ የታወቀች ናት። ሴቶች ጥጡን ዳምጠውና ነድፈው በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ወንዶች ድሩን አድርተው ይሸምናሉ። ልጅ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ በመጀመሪያ ማጉን በቀሰም ላይ ማጠንጠን፣ ቀጥሎ ተራ ጋቢ መሥራት፣ በመጨረሻም ጥበብ መጣልን ይማራል።

ይህ ረጅም ትምህርት ነው፤ ነገር ግን ወረቀት የለውም። ሸማኔው አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ደርሶ እንኳ ሙያውን የሚያስረዳበት ማስረጃ ስለሌለው ክሩን ከነጋዴ በዱቤ ከወሰደ ጨርቁን ነጋዴው በሚቆርጠው ዋጋ ለማስረከብ ይገደዳል።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ለዚህ በር ከፍቷል። ይኸውም ሙያው የትም ይለመድ የት፣ በምዘና ከተረጋገጠ ምስክር ወረቀት ይሰጥበታል። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ዘርፉን የሚመራው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። በሩ መከፈቱ ብቻ ግን አይበቃም፤ የሚያስገባ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው የሚከተለውን እንዲያደርግ እንመክራለን።

1. ምዝገባውን በመስቀል ሰሞን ማካሄድ። በየከተማው የተበተኑት ሸማኔዎች ወደ አገራቸው የሚመለሱት በዚህ ጊዜ ነው።

2. ምዘናው በገበያ ቀን እንዳይውል ማድረግ። ሸማኔ የሚኖረው በቁርጥ ሥራ ስለሆነ የባከነ ቀን ገቢው ነው። ማንበብ ለማይችሉት ጥያቄው በሚገባቸው ቋንቋ በቃል እንዲቀርብ አስቀድሞ መነጋገር ይገባል።

3. ፈታዮችን አለመርሳት። ጥሩ ጋቢ የሚጀምረው ከእንዝርት ነውና ሴቶቹም በስማቸው አባል ይሁኑ።

4. ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ በቅጥር እንዳይሠራ መጠበቅ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣትም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ልጅን «ሙያ ላስተምር» ብሎ ወደ ከተማ የሚወስድ ሰው ሲገኝ ዝም አይባልም።

ምስክር ወረቀት ብቻውን ጨርቅ አይሸጥም። ማኅበሩ ክር በጅምላ ገዝቶ ለአባላት ያከፋፍል፤ የተረከበውን ጨርቅ ወርድና ርዝመት ለክቶ እንደ ጥራቱ ይክፈል። የጥበቡ ክር ቀለም እንዳይለቅም አስቀድሞ ይፈተን፤ ክሩን አርጥቦ በነጭ ጨርቅ ላይ መጫን ይበቃል፤ ነጩ ከተበከለ ክሩ ይመለስ።

አንድ ነገር እናስታውስ። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ በገጠር ከነበሩት የአምራቾች ማኅበራት ብዙዎቹ ወዲያው ፈረሱ፤ አባላቱ የገቡት ወደው አልነበረምና። ዛሬም ሸማኔው ጥቅሙን በእጁ ካላየ ማኅበሩ አይቆምም። ስለዚህ ከስብሰባው በፊት ሒሳቡ ይቅደም፤ አንድ ጋቢ ምን ያህል ክር እንደሚፈጅ፣ ስንት ቀን እንደሚወስድና በስንት እንደሚሸጥ ከሸማኔው ጋር ተቀምጠን እናስላ።