የውስጥ ደስታና የወዳጅ ጆሮ

ደስታን ከውጭ የሚፈልጋት ሰው አያገኛትም፤ በገዛ ልቡናው ውስጥ ሊፈልጋት ይገባል የሚለው ትምህርት ከግሪክ ፈላስፎች ጀምሮ እስከ ግብጽ በረሃ መነኮሳት ድረስ በብዙ ሊቃውንት አንደበት ሲነገር የኖረ፣ በእኛም አገር በገዳማውያን ሕይወት የተመሰከረ ጥንታዊ ትምህርት ነው። ይሁን እንጂ ይህን ትምህርት በቃል ሳይሆን በኑሮ የፈጸሙት አበው ብቸኝነትን እንዴት አድርገው እንደያዙት የመረመረ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። የመነኮሳት አባት የሚባለው አባ እንጦንስ ሃያ ዓመት ያህል በፈረሰ ምሽግ ውስጥ ብቻውን ከተጋደለ በኋላ ከበአቱ ወጥቶ በዙሪያው ለተሰበሰቡት ወንድሞች መካሪና አጽናኝ ሆነ፤ ከእርሱ ጥቂት ዘግይቶ የተነሣው አባ ጳኩሚስም መነኮሳት በአንድነት የሚጸልዩበትን፣ የሚሠሩበትንና የሚመገቡበትን ሥርዓት በላይኛው ግብጽ ሠራ። ከእነርሱ በፊት በአቴና የነበረው ኤጲቆሮስም የመንፈስን ዕረፍት የፍልስፍናው ግብ አድርጎ ሲያበቃ፣ ያስተምር የነበረው ከወዳጆቹ ጋር በአንድነት በሚኖርበት የአትክልት ስፍራ ነበር። ወደ ውስጣቸው ከማንም በላይ ዘልቀው የገቡት እነዚህ ሰዎች በራቸውን ለባልንጀራ ያልዘጉበት ምክንያት ምን ይሆን? የዘመናችን ሳይንስ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ጥቂት ቆም ብለው ሊያጤኑት የሚገባ ነው።

በቅድሚያ የሰው አሳብ ለብቻው ሲተው ወዴት እንደሚሄድ እንመልከት። ኪሊንግስዎርዝና ጊልበርት የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. (ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተሙት ጥናት 2250 ሰዎችን በስልካቸው አማካይነት በቀኑ ውስጥ ባልጠበቁት ሰዓት እየጠየቁ፣ በዚያች ቅጽበት ምን እንደሚሠሩ፣ አሳባቸው በሚሠሩት ነገር ላይ እንደሆነ ወይም ወደ ሌላ እንደሄደ፣ ደስታቸውም ምን ያህል እንደሆነ መዘገቡ። ከተሰበሰበው መልስ ውስጥ 46.9 በመቶ በሚሆነው ጊዜ የሰዎቹ አሳብ ከሚሠሩት ሥራ ርቆ የሚባዝን ሆኖ ተገኘ። የባዘነው አሳብ ወደ መልካም ነገር የሄደ ቢሆን እንኳ ሰውየው ሥራውን በሙሉ ልቡ ከሚሠራበት ጊዜ የበለጠ ደስታ አላገኘበትም፤ ወደ ክፉ ነገር የሄደ እንደሆነ ግን ደስታው በብርቱ ይቀንሳል። እንግዲህ ወደ ውስጥ መመለስ ብቻውን ዕረፍት አይደለም። በተለይም ኀዘን ወይም ችግር የደረሰበት ሰው ወደ ልቡ በገባ ቁጥር የሚጠብቀው ያው የትናንቱ ጥያቄ ስለሆነ፣ አሳቡ እህል እንደሌለበት ወፍጮ ራሱን በራሱ ሲፈጭ ያድራል።

ይህን በሽታ በዚምባብዌ የሾና ተናጋሪዎች ኩፉንጊሲሳ ይሉታል፤ አሳብ ማብዛት ማለት ነው። ከዚህ በሽታ ጋር የተያያዘውን የሐራሬ ከተማ ታሪክ ለመተረክ የወደድሁት፣ በወዳጅነት ጉዳይ ላይ ከማውቃቸው ምርምሮች ሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው እርሱ ስለሆነ ነው።

በ2005 ዓ.ም. የዚምባብዌ መንግሥት ያለፈቃድ የተሠሩ ናቸው ያላቸውን ቤቶችና የገበያ ዳሶች በየከተማው ባፈረሰ ጊዜ፣ በተባበሩት መንግሥታት ግምት 700,000 የሚያህል ሕዝብ መጠለያውን ወይም መተዳደሪያውን ወይም ሁለቱንም አጣ። በዚያ ወራት ዲክሰን ቺባንዳ የተባለው የአእምሮ ሐኪም በሐራሬ ይሠራ ነበር። ያክማት የነበረች አንዲት ወጣት ሕመምተኛ ራሷን አጠፋች፤ ከሩቅ ቦታ ወደ ሆስፒታሉ ሊያመጧት ያልቻሉትም 15 ዶላር የአውቶቡስ ገንዘብ በማጣታቸው መሆኑን እናቷ ነገረችው። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ ሕመምተኛው እስኪመጣ መጠበቅ እንደማይገባ፣ ይልቁንም ሕክምናው ሕዝቡ ወዳለበት መሄድ እንዳለበት ወሰነ። ነገር ግን በአገሩ ያሉት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ በምባሬ ሰፈር ባለው የጤና ጣቢያ ሊሰጠው የሚችል ትርፍ ክፍልም ትርፍ ነርስም አልነበረም። የተገኙለት በአካባቢው የጤና አገልግሎት የሚረዱ 14 ሴት አያቶች ናቸው፤ ክፍል ስለሌለም ሥራው በደጅ፣ በእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ተጀመረ።

ሐኪሙ ወንበሩን በመጀመሪያ የአእምሮ ጤና ወንበር ብሎት ነበር። አያቶቹ ግን በዚህ ስም የሚጠራ ወንበር ላይ ደፍሮ የሚቀመጥ ሰው እንደማይገኝ ነገሩትና የወዳጅነት ወንበር ተባለ። ፊደል የቆጠረው ሐኪም የሕዝቡን ልብ ከሚያውቁ ሴቶች ምክር ተቀብሎ የገዛ ቃሉን መለወጡን እኔ እንደ ቀላል ነገር አላየውም፤ ሳይንስ ትሕትና ሲጨመርበት ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ያሳያልና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወደ ጤና ጣቢያው የመጣው ሰው በመጀመሪያ 14 ጥያቄዎች ይቀርቡለታል፤ ባለፈው ሳምንት አሳብ በዝቶበት፣ እንቅልፉ ታውኮ፣ አልቅሶ፣ ሕይወቱንም ጠልቶ እንደሆነ ይጠየቃል። ጭንቀቱ ከተወሰነ መጠን ያለፈ እንደሆነ በግቢው ውስጥ ገለል ብሎ ወዳለው ወንበር ተወስዶ ከአያቲቱ ጎን ይቀመጣል። እርሷም አስቀድማ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ታዳምጣለች። ኪራይ አጥቶ፣ ባል ጥሎ፣ ልጅ ታሞ፣ የራስም በሽታ ተጨምሮበት ሁሉም ባንድነት እንደ ተራራ የተከመረበትን ሰው፣ ከእነዚህ ሁሉ አስቀድመህ አንዱን ምረጥ ትለዋለች። የተመረጠውንም ችግር እየበታተኑ አይተው፣ በመጪው ሳምንት ሊፈጸም የሚችል አንድ ትንሽ ተግባር ያገኙለታል፤ መፍትሔው ግን ከእርሷ ሳይሆን ከራሱ ከባለችግሩ አፍ መውጣት አለበት። ሐኪሞች ይህን ችግርን የመፍታት ሕክምና ይሉታል። እርስ በርሱ የሚጋፋው አሳብ በቃል ሲነገር ወረፋ ይይዛል፤ ሊነገርም የሚችለው የሚያዳምጥ ሲገኝ ነው። የውስጥ ሰላምን ከወዳጅ ጋር የሚያያይዘው ዋናው ክር እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ ደግ አሳብ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ሐኪሙና ባልደረቦቹ በሐራሬ ባሉ 24 ጤና ጣቢያዎች ላይ በዕጣ በተከፈለ ምርምር ፈተኑት። 573 ሕመምተኞች ተካፈሉ፤ እኩሌቶቹ ጣቢያዎች ወንበሩን፣ የቀሩት ደግሞ የተለመደውን ሕክምና ሰጡ። ከስድስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክት የተገኘባቸው በተለመደው ሕክምና ከቆዩት ውስጥ 49.9 በመቶ ሲሆኑ፣ ከአያቶቹ ጎን ከተቀመጡት ግን 13.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውጤቱ በ2016 ዓ.ም. በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ታትሟል። ስድስት ወር አጭር ጊዜ እንደሆነና ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ወደ ሐኪም መላክ እንዳለበት መዘንጋት አይገባም፤ አያቶቹም ይህንኑ ተምረው የሚሠሩ ናቸው።

የሰው አብሮነት በሥጋችን ላይ ይህን ያህል ሥልጣን ያገኘው በምን መንገድ ነው ለሚለው፣ ተመራማሪው ጄምስ ኮንና ባልደረቦቹ በ2006 ዓ.ም. ያወጡት ጥናት የሚያበራው ነገር አለ። 16 ባለትዳር ሴቶች የአንጎልን ሥራ በሚያነሣው መሣሪያ ውስጥ ተኝተው፣ በቁርጭምጭሚታቸው ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ታስሮ፣ ቀይ ምልክት በታየ ቁጥር ከአምስት አንድ ጊዜ ንዝረት ሊደርስባቸው እንደሚችል ተነግሯቸው ይጠባበቁ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ብቻቸውን ናቸው፤ አንዳንድ ጊዜ የማያውቁት ሰው እጃቸውን ይይዛል፤ ሌላ ጊዜ የገዛ ባላቸው ይይዛቸዋል። ለሥጋት የሚነሡት የአንጎል ክፍሎች ብቻቸውን በሆኑ ጊዜ በብርቱ ሲነቁ፣ በእንግዳው እጅ ጥቂት ረገብ አሉ፤ በባል እጅ ግን ከሁሉ ይልቅ ጸጥ አሉ። በትዳራቸው ውስጥ ፍቅርና መተማመን የበዛላቸው ሴቶች ደግሞ ከሌሎቹ ይበልጥ ተረጋግተው ተገኙ። ሽቦው ያው ሽቦ፣ አደጋውም ያው አደጋ ሳለ፣ የታመነ እጅ በመኖሩ ብቻ አንጎል የፍርሃቱን ሸክም አቀለለ። በጉንፋን ላይ እንኳ ሳይቀር እንዲህ ያለ ነገር ታይቷል፦ ተመራማሪው ሼልደን ኮኸን በ1997 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት ፈቃደኛ በሆኑ 276 ጤነኞች አፍንጫ ውስጥ የጉንፋን ቫይረስ ሲጨመር፣ ከአንድ እስከ ሦስት ዓይነት ብቻ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች ስድስትና ከዚያ በላይ ካላቸው ይልቅ በጉንፋን የመያዛቸው ዕድል ከአራት እጥፍ በላይ ነበር።

ሆኖም ሰው ሁሉ አጽናኝ አይደለም። ሦስቱ የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ ከእርሱ ጋር በመሬት ላይ በተቀመጡ ጊዜ እውነተኛ ወዳጆች ነበሩ፤ አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት ሊያስረዱት በጀመሩ ጊዜ ግን ከቁስሉ ይልቅ የከፉ ሆኑበት። እኛም ለቅሶ ቤት ስንሄድ ገና ተቀምጠን ሳንጨርስ «ተው እንጂ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብለን የኀዘንተኛውን አፍ የምንዘጋበት ልማድ አለን። ፍቅር ያናገረን ቢሆንም እንኳ፣ ቃላችን ያዘነውን ሰው ወደዚያው ወደ ብቸኛ አሳቡ ይመልሰዋል። የሐራሬ አያቶች በትምህርታቸው ጊዜ ከሚለማመዷቸው ነገሮች አንዱ ለምክር አለመቸኮል ነው።

ስለ ወዳጅነት ስንናገር ብዙውን ጊዜ ተቀባዩን ብቻ እናስባለን፤ በ2003 ዓ.ም. ስቴፋኒ ብራውን የተባለች ተመራማሪ የመራችው ጥናት ግን ሌላ ወገን አሳይቷል። በአሜሪካ 423 አረጋውያን ባልና ሚስት ለአምስት ዓመት ሲከታተሏቸው፣ ለሌላው ሰው ርዳታና ፍቅር የሚሰጡት የመሞት አደጋቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ሲገኝ፣ ርዳታን መቀበል ግን ለብቻው እንዲህ ያለ ጥቅም አላሳየም። በሐራሬም ከወንበሩ የተነሣ ሰው ከእርሱ በፊት በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ወደ ነበሩ ሰዎች ጉባኤ እንዲገባ ይጋበዛል። በዚያም ተሰብስበው ከተጣለ ፕላስቲክ ቦርሳ በእጃቸው እየሠሩ ይጨዋወታሉ፤ ቦርሳውን ሸጠው ለቤታቸው ጥቂት ገንዘብ ያገኛሉ፣ አዲስ የመጣውንም ሰው ታሪኩን እንዲናገር ቦታ ይለቁለታል።