ክረምቱ ሲወጣ በጣና ዳር፤ ሽምብራና ጓያ

በጣና ዙሪያ ለሚኖር ገበሬ መስከረምና ጥቅምት ዓመቱን የሚወስኑ ወራት ናቸው። ሜዳው በአደይ አበባ ያሸበርቃል፤ ጎተራው ግን ተሟጧል፤ የክረምቱም ሰብል ገና አልደረሰም። ልጆች ከብት ይጠብቃሉ፤ እመቤቲቱ የቀረውን እህል እየመጠነች ታበላለች፤ አባወራው ውሃ የለቀቀውን ማሳ ይመለከታል። «ሽምብራ ልዝራ ወይስ ጓያ?» የሚለው ጥያቄ የሚነሣው በዚህ ጊዜ ነው።

የሐይቁ ውሃ በእነዚህ ወራት ከፍታው ላይ ከደረሰ በኋላ እስከ ግንቦት ድረስ ቀስ በቀስ ይሸሻል። ርብ፥ ጉማራና መገጭ በፎገራና በደንቢያ ሜዳ የሚያወርዱት ጥቁር አፈር እርጥበት አምቆ ስለሚይዝ፥ ብዙ ዝናብ ሳይጨመርለት ሰብል ያደርሳል።

ሽምብራ ለዚህ መሬት የተስማማ ነው። ሥሩ ላይ በሚገኙት እባጮች አማካይነት ከአየር ናይትሮጂን ወስዶ አፈሩን ስለሚያዳብር፥ በከርሞው ጤፍ ይጠቀማል። ነገር ግን ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል፤ ከዘገየም አፈሩ ተሰነጣጥቆ ፍሬው ሳይሞላ ይደርቃል። ስለዚህ፦

1ኛ/ ውሃው እንዲወጣ በማሳው ላይ አስቀድሞ ፈሰስ ማውጣት፤

2ኛ/ አፈሩን በእጅ ጨብጦ መፈተን፤ ጭቃ ከሆነ መታገሥ፥ ተጠቅልሎ በጣት ሲነካ የሚፈርስ ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ መዝራት፤

3ኛ/ በሽታ የሚቋቋም ዘር እንዲገኝ የልማት ሠራተኛውን መጠየቅ ይገባል።

ጓያ ግን ውሃ ቢተኛበትም፥ ድርቅ ቢመታውም ስለሚያፈራ ድኻው ገበሬ ይወደዋል። ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል፤ ሌላው ሰብል ሲጠፋ እርሱ ብቻ ይበላልና። በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ ለወራት አዘውትሮ የሚበላውን ሰው እግሩን ሽባ ያደርገዋል። በ1969 ዓ.ም. ገደማ በደንቢያና በፎገራ ብዙ ሰው በዚህ በሽታ ተጎድቷል። ይበልጥ የሚያጠቃውም ጉልበት ያላቸውን ወጣቶች ነው። በሽታው አንድ ጊዜ ከያዘ የሚያድን መድኃኒት የለውም።

እንግዲህ ጓያ የዘራ ቤተ ሰብ እሸቱን፥ ቆሎውንና ንፍሮውን ምግቤ ብሎ አይያዝ። ሲያበስል አስቀድሞ ዘፍዝፎ ውሃውን ይድፋ፤ ዘወትርም ከጤፍ፥ ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ጋር ደባልቆ፥ ጓያውን አሳንሶ ይብላ። እግሩ የከበደው ወይም ባቱን ቁርጠት የያዘው ሰው ጓያ መብላቱን ወዲያው ትቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የልማት ሠራተኛ ሆይ፥ በመስከረም ማሳውን ብቻ ሳይሆን ጎተራውንም ጠይቅ። ሌላ እህል የሌለው ቤት ምክር ብቻ አይበቃውም፤ ከጓያው ጋር የሚደባለቅ እህል እንዲያገኝ ቀደም ብለህ ለቀበሌውና ለወረዳው አስታውቅ። በሬ ቢሞት ሌላ በሬ ይገኛል፤ የሚያርሰው ሰው እግር ግን ምትክ የለውም።