የቋንቋ መረጃን ጠቅልሎ ከፕሮግራም በኢሜይል መላክ፦ የግዕዝ ፊደል በመንገድ ላይ የሚገጥመው ጉዳትና መከላከያው

አጠቃሎ

ከመስክ ወደ ተቋም የሚላክ የቋንቋ መረጃ ብዙ ጊዜ በኢሜይል ይጓዛል። መላኩን ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ሲያከናውነው ሥራው ይቀላል፤ የሚደርሰው ጉዳት ግን ወዲያው ላይታይ ይችላል። ይህ ጽሑፍ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ መረጃ በኢሜይል ሲላክ በምን ዓይነት ለውጥ እንደሚያልፍ፣ ጉዳቱ መቼ እንደሚመለስና መቼ እንደማይመለስ፣ ጥቅሉና አብሮት የሚሄደው ዘገባ እንዴት መዘጋጀት እንዳለባቸው ያብራራል።

ቁልፍ ቃላት፦ የግዕዝ ፊደል፣ ዩኒኮድ፣ ኢሜይል፣ የመረጃ ጥቅል፣ የመስክ ዘገባ

1. መግቢያ

የኢሜይል መላኪያ ሥርዓት (ኤስኤምቲፒ) እ.ኤ.አ. በ1982 ሲደነገግ የታሰበው ለእንግሊዝኛ ፊደል ነበር። እያንዳንዱ ምልክት በሰባት ቢት የሚወከል፣ የመስመሩም ርዝመት የተወሰነ ነበር። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው ከዚያ ወዲህ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። በ2005 ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለብሊንና ለመኤን የሚያስፈልጉ ሆሄያት ተጨመሩ። በ2010 ለጋሞ፣ ለጎፋ፣ ለዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ፣ በ2021 ደግሞ ለጉራጌ ተጨማሪ ሆሄያት ገቡ። እንግዲህ የዛሬ ተመራማሪ በግዕዝ ፊደል የጻፈውን መረጃ የሚልከው ለዚህ ፊደል ባልተሠራ መንገድ ነው። መንገዱን የሚያስተካክለው እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ማይም የተባለው ደንብ ነው።

ሰው በእጁ አንድ ፋይል አያይዞ ሲልክ የተበላሸ ርእስ ወይም የጎደለ አባሪ ቢያይ ያርመዋል። በየሌሊቱ ራሱን አስነሥቶ የቀኑን ግልባጭ ጠቅልሎ የሚልክ ፕሮግራም ግን ዐይን የለውም። ስሕተት ካለበት ያንኑ ስሕተት በየቀኑ ይደግመዋል፤ ሲታወቅም የወራት መረጃ ተበላሽቶ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የቋንቋ ባለሙያው ፕሮግራሙን ባይጽፈው እንኳ ምን እንዲሠራለት እንደሚጠይቅ ማወቅ ይኖርበታል።

2. አንድ ሆሄ በኢሜይል ውስጥ እንዴት ይጓዛል?

ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ እስከ 2010 ድረስ ወደ ዩኒኮድ የገቡት የግዕዝ ሆሄያት በሙሉ እያንዳንዳቸው ሦስት ባይት ይይዛሉ፤ የ2021ዎቹ ጭማሪዎች ግን አራት ባይት ናቸው። ይህ ልዩነት ተግባራዊ ውጤት አለው። ማይኤስኪውኤል በተባለው የመረጃ ቋት ለረጅም ጊዜ «ዩቲኤፍ8» ይባል የነበረው ዓይነት ከሦስት ባይት በላይ አይቀበልም። በዚያ ቋት ውስጥ አማርኛው በሰላም ሲቀመጥ የጉራጌኛው ተጨማሪ ሆሄ ሊቀር ይችላል።

ማይም እነዚህን ባይቶች ሰባት ቢት ወደሚበቃቸው ምልክቶች የሚቀይርባቸው ሁለት መንገዶች አሉት። የመጀመሪያው ቤዝ64 ሲሆን፣ ሦስቱን ባይት በአራት ምልክት ይተካል። አጋጣሚው ለግዕዝ ፊደል የተመቸ ነው፤ ክፍተትና የላቲን ምልክት ካልገባበት አንድ ሆሄ በትክክል አራት ምልክት ይሆናል፤ 76 ምልክት የሚይዘው አንድ መስመርም 19 ሆሄ ይሸከማል። ሁለተኛው መንገድ እያንዳንዱን ባይት በእኩል ምልክትና በሁለት አኃዝ የሚጽፈው ነው። በዚህ መንገድ አንድ የግዕዝ ሆሄ ዘጠኝ ምልክት ይፈጃል። ይህ አንዳንድ የባዕድ ሆሄ ለተቀላቀለበት የላቲን ጽሑፍ ይስማማል፤ ለአማርኛ ወይም ለትግርኛ ግን ብክነት ነው።

የመልእክቱ ርእስ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ኮድ የተደረገ አንድ የርእስ ቍራጭ መግቢያና መዝጊያ ምልክቶቹን ጨምሮ ከ75 ምልክት መብለጥ የለበትም። መግቢያውና መዝጊያው ሲቀነሱ ለቤዝ64 የሚተርፈው 15 ሆሄ ነው። ከዚያ የረዘመ የአማርኛ ርእስ በበርካታ ቍራጮች መከፈል አለበት፤ ክፍፍሉም በሆሄያት መካከል እንጂ በአንድ ሆሄ ባይቶች መካከል መዋል የለበትም። በእጅ የተጻፉ ቀላል ፕሮግራሞች ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የፓይተን ቋንቋ መደበኛ የኢሜይል ቤተ መጻሕፍት ይህን ሥራ ራሱ ስለሚያከናውን፣ ርእሱን ቈርጦ ለመቀጠል ከመሞከር ለቤተ መጻሕፍቱ መተው ይበልጣል።

3. የሚመለስና የማይመለስ ጉዳት

የተበላሸ ጽሑፍ ሲደርስ በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጉዳቱ የንባብ ነው ወይስ የጽሕፈት የሚለው ነው።

የንባብ ጉዳት የሚባለው ባይቶቹ እንዳሉ ሆነው ተቀባዩ ፕሮግራም በሌላ ሠንጠረዥ ሲያነባቸው ነው። የመደበኛው የግዕዝ ክፍል ሆሄያት ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ነው። ስለዚህ በምዕራብ አውሮፓ ሠንጠረዥ ሲነበቡ በየሦስት ምልክቱ በራሱ ላይ ጭረት ያለበት ትንሹ የላቲን «ኤ» ይደጋገማል። ይህ መልክ ከታየ ፋይሉን ሳያስቀምጡና ሳያርሙ በዩቲኤፍ-8 እንደገና መክፈት ይበቃል።

የጽሕፈት ጉዳት ግን የተለየ ነው። በሆሄው ፈንታ የጥያቄ ምልክት ከተጻፈ ባይቶቹ ጠፍተዋል፤ ከዚያ ፋይል ምንም ማውጣት አይቻልም። በሁለቱ መካከልም አንድ አሳሳች ሁኔታ አለ። ዊንዶውስ-1252 የተባለው ሠንጠረዥ አምስት ባይቶችን ባዶ ትቷቸዋል። በእነዚህ ባይቶች የሚጨርሱት እምብዛም የማይገኙ ሆሄያት አይደሉም፤ ሁ፣ ል፣ ው፣ ግ፣ ሐ፣ ነ፣ ዐ፣ ም፣ ኝ እና ዝ ከእነርሱ ውስጥ ናቸው። የፀ፣ የፈና የፐ ተራዎች፣ ሁለት ነጥብ፣ አራት ነጥብና የግዕዝ አኃዞች ደግሞ በመካከለኛ ባይታቸው በዚሁ አደጋ ውስጥ ይወድቃሉ። የሠ፣ የበ፣ የአና የጠ ግእዞች የመጨረሻ ባይታቸው በሠንጠረዡ የማይሰበር ክፍተት ነው፤ ጽሑፉን «የሚያጸዳ» ፕሮግራም ወደ ተራ ክፍተት ከለወጠው እነርሱም ይጠፋሉ።

አንዳንድ ፕሮግራሞች ባዶዎቹን ባይቶች እንዳሉ ያሳልፏቸዋል፤ ሌሎች ግን ይጥሏቸዋል ወይም ይተኳቸዋል። በተሳሳተ ሠንጠረዥ ተነቦ እንደገና የተቀመጠ ጽሑፍ «ሲመለስ» አብዛኛው ቃል ደኅና ይመስላል፤ ጉዳቱ የሚያርፈው በተመረጡ ሆሄያት ላይ ነው። የሆሄያትን ድግግሞሽ ለሚቈጥር ወይም የሀ፣ የሐና የኀን፣ የጸና የፀን አጠቃቀም ለሚያጠና ሰው ይህ ከሙሉ ጥፋት የከፋ ነው። ሐ ሲጐድል ሀ ይተርፋል፤ ፀ ሲጐድል ጸ ይተርፋል። ውጤቱ የጸሐፊዎችን ልማድ የሚያሳይ ቢመስልም የሚያሳየው የሠንጠረዡን ባዶ ቦታ ነው።

4. ጥቅሉ

ከላይ ለተባለው አደጋ ቀላሉ መከላከያ መረጃውን በመልእክቱ አካል ውስጥ አለመጻፍ ነው። በዚፕ የተጠቀለለ ፋይል እንደ ባይት ስብስብ ይጓዛል፤ በመንገድ ላይ ያለ ሰርቨር እንደ ጽሑፍ አይነካውም። የመስመር ርዝመት ጣጣም ይቀራል። ደንቡ ለአንድ መስመር የሚፈቅደው 998 ባይት ነው። ይህ ወደ 332 የግዕዝ ሆሄ ሲሆን፣ ሳይከፋፈል የተጻፈ ረጅም አንቀጽ በቀላሉ ያልፈዋል።

ጥቅሉን ሲያዘጋጁ አራት ነገሮችን ማየት ይገባል።

ሀ) የፋይል ስም። የቀድሞው ዚፕ ስሞችን የሚጽፈው በአሮጌ የላቲን ሠንጠረዥ ነበር። ስሙ በዩቲኤፍ-8 መጻፉን የሚያመለክተው ቢት ወደ ደንቡ የገባው ዘግይቶ ነው፤ ይህን ቢት የማያነቡ መክፈቻዎችም አሉ። ስለዚህ የፋይሎቹ ስም በላቲን ፊደልና በአኃዝ ቢሆን፣ የአማርኛው ስም ደግሞ በጥቅሉ ውስጥ ባለ ዝርዝር ቢጻፍ ይመረጣል። የቋንቋው ስም በባለ ሦስት ሆሄው የአይኤስኦ 639-3 ኮድ ቢወከል በአጠራር ልዩነት የሚመጣ መደናገር ይቀንሳል።

ለ) የፋይሉ አጻጻፍ። የፕራት ግልባጮች በፕሮግራሙ ምርጫ መሠረት በዩቲኤፍ-16 ሊቀመጡ ይችላሉ፤ የኢላን ፋይሎች ግን በዩቲኤፍ-8 ናቸው። በቀድሞዎቹ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ደግሞ ከነጭራሹ ዩኒኮድ አይደለም፤ የላቲን ኮዶች በግዕዝ ቅርጽ የታዩበት ነው። ሁሉም ወደ ዩቲኤፍ-8 ሳይቀየር መጠቅለል የለበትም፤ ዋናው ቅጂ ግን ሳይነካ መቀመጥ አለበት።

ሐ) መጠን። ጂሜይል የሚፈቅደው የአባሪ ጠቅላላ መጠን 25 ሜጋባይት ነው። ቤዝ64 ከመስመር መለያው ጋር ፋይሉን ከሲሶ በላይ ስለሚያሳብጠው ለመረጃው የሚተርፈው ወደ 18 ሜጋባይት ነው። በ44.1 ኪሎኸርዝና በ16 ቢት የተቀዳ ባለ አንድ ቻናል ድምፅ በደቂቃ 5.3 ሜጋባይት ያህል ስለሚይዝ ሦስት ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞላም። ዚፕም ያልታመቀ ድምፅን ብዙ አያሳንስም። በአንጻሩ ጽሑፍ በእጅጉ ይታመቃል። ስለዚህ ግልባጩ፣ የቃላት ዝርዝሩና ዘገባው በኢሜይል ይሂዱ፤ ድምፁ ግን በሌላ መንገድ ይድረስ።

መ) የአሻራ ቁጥር። ፕሮግራሙ ከጥቅሉ ላይ ኤስኤችኤ-256 የተባለውን 64 አኃዝ ያለው አሻራ አስልቶ በመልእክቱ አካል ይጻፍ። ተቀባዩ ያንኑ ስሌት ሲደግም አሻራው ከገጠመ ጥቅሉ አልተነካም፤ አንድ ባይት እንኳ ቢለወጥ ግን አይገጥምም።

5. ዘገባው

ዘገባው ጥቅሉ ሳይከፈት የሚነበብ አጭር ጽሑፍ ነው። የፋይሎቹን ብዛት፣ በየፋይሉ ያለውን የመስመርና የሆሄ ቁጥር፣ የጥያቄ ምልክቶችንና የማይታወቁ ምልክቶችን ብዛት ይይዛል። ከትናንቱ ጋር ሲነጻጸር የጥያቄ ምልክት በድንገት ከበዛ ወይም አንድ የሆሄ ተራ ከጠፋ አንባቢው ወዲያው ይነቃል። በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት ጊዜ የተመታ ሁለት ነጥብንም መቍጠር ይጠቅማል፤ ለዐይን አንድ ቢመስሉም ዓረፍተ ነገር የሚከፍል ፕሮግራም ይለያቸዋል። ይሁንና ፕሮግራሙ እንዲህ ያለውን ነገር ያመልክት እንጂ አያርም። የጸሐፊውን አጻጻፍ ማስተካከል የመላኪያ ሥራ አይደለም።

ቀንና ሰዓት ሌላው የስሕተት ምንጭ ነው። የኢሜይሉ ራስጌ የሚጽፈው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው፤ መረጃ ሰብሳቢው ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሊመዘግብ ይችላል። «2016-02-05» የሚል ፋይል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 2023። በጎርጎርዮስ ከተነበበ ግን ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሁለቱም ንባቦች ትክክለኛ ቀን ስለሚሰጡ ኮምፒውተሩ አይቃወምም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተብሎ የተመዘገበ ቃለ መጠይቅም በ8 ሰዓት ፈንታ በሌሊት እንደተደረገ ሊቈጠር ይችላል። አቆጣጠሩ በራሱ ዐምድ ይጻፍ።

6. መላክና መድረስ

ሰርቨሩ 250 የሚል መልስ ሲሰጥ መልእክቱን ተቀብያለሁ ማለቱ ነው፤ ተቀባዩ ዘንድ ደርሷል ማለት አይደለም። በ4 የሚጀምር መልስ ጊዜያዊ እንቅፋት ስለሆነ ፕሮግራሙ ቆይቶ ይሞክር። በ5 የሚጀምረው ግን እንቢታ ነው፤ መደጋገሙ አይረባም። መስመር በሚቋረጥበት አካባቢ አንዱ ጥቅል ሁለት ጊዜ ሊሄድ ስለሚችል ለእያንዳንዱ ተከታታይ ቁጥር ይሰጠው፤ ተቀባዩ ድግግሞሹንም የጐደለውንም በዚያ ይለያል።

የይለፍ ቃል በፕሮግራሙ ውስጥ መጻፍ የለበትም፤ ፕሮግራም ለባልደረባ ሲሰጥ ቃሉም አብሮ ይሄዳልና። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ለግል አድራሻዎች ተራውን የይለፍ ቃል ከፕሮግራም ስለማይቀበል ለዚሁ ተብሎ የሚወጣ ባለ 16 ሆሄ ቃል ወይም ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ የተናጋሪዎቹ ጉዳይ አለ። ኢሜይል ከተላከ በኋላ በስንት ሰርቨርና በስንት ኮምፒውተር ቅጂው እንደሚቀር ላኪው አይቈጣጠርም። በትንሽ መንደር የተቀዳ የሕይወት ታሪክ ስም ባይጠቀስበት እንኳ ተናጋሪውን ሊያሳውቅ ይችላል። ስለዚህ የተናጋሪዎች ስም በመለያ ቁጥር ይተካ፤ ስምና ቁጥሩን የሚያገናኘው ዝርዝር በዚሁ ጥቅል አይላክ። ጥቅሉን ማመስጠር ካስፈለገም የዚፕ የቀድሞው መቈለፊያ ደካማ ስለሆነ ኤኢኤስ የተባለው ይመረጥ፤ መክፈቻ ቃሉም በሌላ መንገድ ይድረስ።

7. ማጠቃለያ

በግዕዝ ፊደል የተጻፈ መረጃ በኢሜይል በሰላም መጓዝ ይችላል፤ ደንቦቹም መሣሪያዎቹም አሉ። አስፈላጊው ነገር ጽሑፉን በዩቲኤፍ-8 አዘጋጅቶ መጠቅለል፣ አሻራና ቁጥር መስጠት፣ የሆሄያቱን ቈጠራ በዘገባ ማሳወቅና ዋናውን ቅጂ መላኪያው በማይነካው ስፍራ ማኖር ነው። በመስክ የተሰበሰበ መረጃ፣ በተለይም ተናጋሪዎቹ ጥቂት የሆኑ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ዕድል ላይኖረው ይችላል። ከእነዚህ እርምጃዎች አንዱን ብቻ መጀመር የሚችል ተመራማሪ ከሆሄያት ቈጠራው ቢጀምር ይመረጣል፤ ሌሎቹ ጉዳቱን ሲከላከሉ ቈጠራው መድረሱን ያሳያልና።