ብፌውን በገዛ እጅ መቀባት

ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ በወር መጨረሻ ደመወዙን ሲያከፋፍል ለቤት ኪራይ፣ ለአስቤዛ፣ ለትራንስፖርትና ለቤተሰብ የሚሆነውን አስቀድሞ ያነሣል። ለቤት ዕቃ ማደሻ የሚባል መደብ ግን በአብዛኞቻችን ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። ስለዚህም የማድ ቤቱ ብፌ፣ ወይም በዛሬው አጠራር የኪችን ካቢኔቱ፣ ቀለሙ ተላልጦ፣ በሩ ተንጋድዶ፣ እጀታው አካባቢ በጣት ቅባት ጠቁሮ ዓመታት ይቆያል። አዲስ ለመግዛት አቅም አይፈቅድም፤ ቀለም ቀቢ መጥራትም ወጪ ነው። የቀረው መንገድ በገዛ እጅ መቀባት ነው። ይህንንም ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናወሳ አስበናል። ዳሩ ግን የምንጽፈው ስለ ቀለሙ ማማር ብቻ አይደለም። አሮጌው ቀለም ሲፋቅ የሚወጣው አቧራ በቤት ውስጥ ባሉ ሕፃናት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሳይናገሩ፣ ብሩሽና ቀለም ግዙ ብሎ መምከር ተገቢ ሆኖ አላገኘነውም።

ነገሩን ከቄራ እንጀምር። ስሙን ከከተማው ከብት ማረጃ ባገኘው በዚህ ሰፈር አሮጌ የቀበሌ ቤቶችና ረጃጅም ፎቆች ጎን ለጎን ይታያሉ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ከወጣ በኋላ፣ ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። የሰው ቤት የተከራየ ሰው ደግሞ በግድግዳው ላይ ቋሚ መደርደሪያ ለመሥራት ልቡ አይደፍርም፤ ሲለቅ ይዞት የሚሄደውን ዕቃ ይመርጣል። ማድ ቤቱም ብዙውን ጊዜ በጓሮ ያለ፣ ለሁለትና ለሦስት ቤተሰብ የጋራ የሆነ፣ በጭስ የጠቆረ ክፍል ነው። በዚህ ምክንያት ሳህኑም፣ ብርጭቆውም፣ ቅመሙም በዋናው ቤት በብፌ ውስጥ ይቀመጣል። ማታ ማታ በዚያው በብፌው ሥር ፍራሽ ይነጠፋል፤ ልጆችም ይተኙበታል። እንግዲህ ብፌው የማድ ቤት ዕቃ ይባል እንጂ የሚኖረው ከመኝታ አጠገብ ነው ማለት ነው።

ከቄራ ራቅ ብሎ በዚያው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የካዛንቺስ ነገር ደግሞ ለየት ይላል። ስሙ ራሱ የመንግሥት ሠራተኛ ቤት ማለት ነው። በወረራው ዘመን ጣልያኖች ለመንግሥታቸው ሠራተኞች ቤት የሚሠራ ኢንቺስ የተባለ ድርጅት ነበራቸው። ቤቶቹን «ካዜ ኢንቺስ» ይሏቸው ነበርና ቃሉ በእኛ አፍ ተለውጦ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። ወጣት ሠራተኞች የሆኑ አንባቢዎቻችን ይህን ሲሰሙ ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም። በ2017 ዓ.ም. የሰፈሩ ብዙ ክፍል ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ ነዋሪው ዕቃውን በጭነት መኪና ጭኖ ወደየተሰጠው ቤት ሄደ። ከዕቃው መካከል ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ፣ አራትና አምስት ጊዜ በላይ በላዩ የተቀባ ብፌ አልጠፋም። ኮንዶሚኒየም ውስጡ ሳያልቅ ለባለቤቱ የሚሰጥ ቤት ስለሆነ፣ ግድግዳውን ለመቀባት የተገዛው ብሩሽ ሳይደርቅ ዓይን ወደ ብፌው መዞሩ አይቀርም። አደጋው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

አሮጌ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። እርሳስ ስንል ተማሪ የሚጽፍበትን ማለታችን አይደለም። የሚጻፍበት እርሳስ ውስጡ ግራፋይት የተባለ የከሰል ዘመድ ነው፤ ከብረቱ ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ ነው። እኛ የምንለው ለጥይትና ለመኪና ባትሪ የሚሆነውን፣ ከባዱንና ለስላሳውን ብረት ነው። ቀለም ሠሪዎች ይህን ብረት የሚጨምሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ቀለሙ ቶሎ እንዲደርቅ፣ እርጥበት እንዲችልና እንዲደምቅ ያደርገዋል። ነጩ ቀለም ለብዙ መቶ ዓመታት ከነጭ እርሳስ ሲሠራ ኖሯል። ደማቅ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ቀለሞችም ከሌሎቹ ይልቅ እርሳስ ይበዛባቸዋል። በየቤታችን ያሉት ብፌዎች በምን ዓይነት ቀለም ደምቀው እንደኖሩ አንባቢ ራሱ ያስታውስ።

ቀለሙ ሳይነካ በእንጨቱ ላይ ተጣብቆ እስካለ ድረስ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ሲላላጥና በደረቁ ሲፋቅ ግን ዱቄት ሆኖ ወለሉ ላይ፣ ፍራሹ ላይ፣ የእንጀራው መሶብ ላይ ያርፋል። ሕፃን ልጅ ደግሞ መሬት ለመሬት እየዳኸ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። ከዚህም በላይ የሕፃን ሰውነት ወደ ሆድ ከገባው እርሳስ ውስጥ የሚወስደው መጠን ከዐዋቂው አራትና አምስት እጥፍ እንደሚደርስ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ድርጅቱ እንደሚለው ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም። ብረቱ የአንጎልን ዕድገት ያውካል፤ ትምህርት የመቀበልን ችሎታ ይቀንሳል፤ በዐዋቂዎች ላይ የደም ግፊትንና የኩላሊት ሕመምን ያስከትላል። በአጥንት ውስጥ ተከማችቶ ስለሚቆይም እናት ስታረግዝ ወደ ጽንሱ ሊተላለፍ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው መጠኑ አነስተኛ ሲሆን ምንም ምልክት አለማሳየቱ ነው። ልጁ አያስለውም፤ አያተኩሰውም። ትምህርት ቤት ሲገባ ግን መምህሩ ሰነፍ ነው ይለዋል።

ይህ ዕውቀት ትናንት የተገኘ አይደለም። በአውስትራሊያ፣ በክዊንስላንድ ግዛት፣ ሎክሃርት ጊብሰን የተባለ የዓይን ሐኪም የሕፃናቱ መመረዝ ከቤታቸው ግድግዳና ከበረንዳቸው አጥር ቀለም የመጣ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1904 ጽፎ አስታውቋል። የግዛቲቱ መንግሥት ልጆች በሚደርሱበት ቦታ የእርሳስ ቀለም መቀባትን በሕግ የከለከለው ግን በ1922 ነው። ዐሥራ ስምንት ዓመት መሆኑ ነው! በ1921 በጄኔቭ የተሰበሰበው የዓለም የሥራ ድርጅት ጉባኤም ቀቢዎችን ለመጠበቅ ሲል ነጭ እርሳስ ለቤት ውስጥ ቀለም እንዳይውል የሚያግድ ስምምነት አውጥቷል። አሜሪካ በበኩሏ የቤት ቀለምን በሚመለከት ሕጓን ያጠበቀችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በቀለም ውስጥ የሚገኝን እርሳስ የሚቆጣጠረውን ደንብ ቁጥር 429 ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በደንቡ መሠረት ቀለም ከአንድ ሚሊዮን እጅ ውስጥ ከ90 እጅ የበለጠ እርሳስ ሊኖረው አይገባም። ከዚያ በፊት ፓን ኢትዮጵያ የተባለው ማኅበር ከአዲስ አበባ ገበያ ገዝቶ ባስመረመራቸው የዘይት ቀለሞች ላይ ከዚህ ወሰን እጅግ ያለፈ እርሳስ ተገኝቶ ነበር። ደንቡ መልካም ነው፤ እናመሰግናለን። ነገር ግን ደንብ ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይሠራም። ከደንቡ በፊት ብፌው ላይ የተቀባው ቀለም ዛሬም ብፌው ላይ አለ። ስለዚህ ብፌው መቼና በምን እንደተቀባ በእርግጥ ካልታወቀ፣ እርሳስ እንዳለበት አድርጎ መያዝ ይሻላል ባዮች ነን።

እንግዲያው አትቀቡ ማለታችን ነውን? አይደለም። እንዲያውም በደንብ የተቀባ አዲስ ቀለም አሮጌውን ስለሚሸፍነው፣ እየተላላጠ ከሚቀመጥ ብፌ ይልቅ የታደሰው ይሻላል። ቁም ነገሩ አሠራሩ ላይ ነው። በሰፈራችን የተለመደው ልጆቹ እየተጫወቱ በአጠገባቸው በደረቅ ብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ፣ አቧራውን በመጥረጊያ ጠርጎ፣ በአንድ ቀን መጨረስ ነው። ሦስቱም ትክክል አይደሉም።

በመጀመሪያ ልጆችና ነፍሰ ጡር ሴት ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ወደ ዘመድ ቤት ይሂዱ። ብፌው ከተቻለ ወደ በረንዳ ወይም ወደ ግቢ ይውጣ፤ ከሥሩም የሚጣል ላስቲክ ይነጠፍ። በሮቹ በካቻቢቴ ተፈትተው እያንዳንዳቸው ከየት እንደ ወጡ በፕላስተር ላይ ቁጥር ይጻፍባቸው። ብሎኖቹና ማጠፊያዎቹ በአንድ ጣሳ ይቀመጡ። ይህን ቁጥር የመጻፍ ነገር የሚንቁ አሉ። ስድስት በር ተመሳሳይ መስሎ ማታ ላይ አንዱም በቦታው አልገጥም ሲል ግን ንቀቱ ይለቃቸዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ማጠብ ነው፤ ብዙ ሰው ዘሎት የሚያልፈውም ይህንኑ ነው። በኛ አገር ማድ ቤት ቅቤ ይነጠራል፣ ሽንኩርት በዘይት ይቁላላል፣ ጥብስ ይጠበሳል። የቄራ ልጅ ደግሞ ስለ ሥጋና ስለ ስብ የሚነገረው አያስፈልግም። ይህ ሁሉ ተን እየሆነ ብፌው ላይ ያርፋል፤ እዚያም ከጭሱ ጋር ተጋግሮ እንደ ሙጫ ይሆናል። በቅባት ላይ የተቀባ ቀለም፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢወደድ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። ስለዚህ ሙቅ ውሃና የዱቄት ሳሙና ይዞ፣ በተለይ የእጀታውን ዙሪያና ከምድጃ ወገን ያለውን ጎን ሁለት ጊዜ ማሸት፣ ከዚያም ሳሙናው እስኪለቅ በንጹሕ ውሃ ማጥራት ያስፈልጋል። ቺፕውድ ከሆነ ውሃው አይብዛ፤ ጠርዙ ውሃ ጠጥቶ ካበጠ ተመልሶ አይሟሽሽም።

ፍተጋው በእርጥቡ መሆን አለበት። ውሃ የሚችለው ብርጭቆ ወረቀት ይገዛል፤ በውሃ እየተነከረ በቀስታ ይታሻል። ዓላማው አሮጌውን ቀለም እስከ እንጨቱ መግፈፍ አይደለም። ብልጭታውን ገድሎ አዲሱ ቀለም የሚይዝበትን ሻካራነት መስጠት ብቻ ነው። የተላላጠ ቦታ ካለ በውሃ እየረጠበ ይፋቃል፤ ጉድጓዱም በስቱኮ ይሞላል። የሚወጣው ጭቃ መሳይ ነገር በጨርቅ ተጠርጎ ከነጨርቁና ከነላስቲኩ ታስሮ ይጣል። ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በመጥረጊያ አይጠረግም። የሥራው ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ፤ እጅም ከምግብ በፊት በሳሙና በሚገባ ይታጠብ። ቀለሙን በእሳት አቃጥሎ ማንሣት የሚወዱ አሉና፣ ይህ ከሁሉ የከፋ መሆኑን እንናገራለን። እርሳሱ በከፍተኛ ሙቀት ተን ሆኖ በቀጥታ ወደ ሳንባ ይገባል። አጠቃላይ ቀለሙ የረገፈና ሕፃን የሚያኝከው ጠርዝ ያለው በር ከሆነ፣ አለመድከም ይሻላል፤ በሩን በአዲስ መተካት ነው።

የቀረው ቀላል ነው። ሲገዙ ከጣሳው ላይ እርሳስ የሌለበት መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ መፈለግ፤ አንድ ጊዜ የመሠረት ቀለም፣ ከዚያ ስስ ስስ አድርጎ ሁለት ጊዜ መቀባት። አንድ ወፍራም ቅብ ሁለት ስስ ቅብ አይተካም፤ ላዩ ይደርቅና ውስጡ ጭቃ ሆኖ ይቀራል። ፎርማይካ የለበሰ ብፌ ለስላሳ ዕቃ እንዲይዝ የተሠራ የመሠረት ቀለም ይፈልጋል። የዘይት ቀለም የሚደርቀው ቲነሩ ስለ ተነነ ብቻ ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ስለሆነ፣ በአንደኛውና በሁለተኛው ቅብ መካከል አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይጠበቅ። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ይህ ሥራ አይጀመር፤ ከመስቀል በኋላ ያለው ደረቅ ወራት ይመቸዋል። ነጭ የዘይት ቀለም ብርሃን በማያገኝ ቦታ ቢጫ ይሆናልና ለብፌው ውስጥ ነጭ ለማድረግ ለሚሹ የውሃ ቀለም እንመርጥላቸዋለን።

የተማረ ሰው እጁ ቀለም ነክቶ በበረንዳ ሲታይ ጎረቤት ምን ይላል የሚሉ ወዳጆች አሉን። ጎረቤት የሚለውን እንንገራችሁ፤ «የኛንስ መቼ ትቀቡልናላችሁ?» ነው የሚለው። ለዚያም ቢሆን እሺ ከማለት በፊት በቤቱ ስንት ሕፃን እንዳለ መጠየቅ አይከፋም።

በዘይት ቀለም የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ በማእዘን አይወርወር፤ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ። በሮቹ ከተገጠሙም በኋላ ለጥቂት ቀናት ገርበብ ብለው ይደሩ እንጂ አይዘጉ፤ አዲስ ቀለም ከአዲስ ቀለም ጋር ይጣበቃል። ሳህንና ብርጭቆ ቀድመው ቢገቡ ግድ የለም። በርበሬው፣ ሽሮውና ቡናው ግን ሽታ ስለሚስቡ ጥቂት ይቆዩ። ጊዜው መድረሱን ለማወቅ አንድ ቁራሽ ዳቦ ብፌው ውስጥ ዘግቶ ማሳደር፣ ጠዋት ማሽተት ነው። ዳቦው ቀለም ቀለም ካለ፣ የእናታችን በርበሬ ለሌላ ሳምንት በሌማቱ ላይ ይቀመጥ።